ድመቷ መሶቤ ውስጥ ተኝታለች፤ እናንተን ዛሬ ምን ደስ አሰኛችሁ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ኅዳር 16 ነው፤ የነቢያት ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ። ከጠዋት ጀምሮ ጎንደር አራዳ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ መሶብ እየሰፋሁ ነበር። አሁን ግን አልሰፋም። ስንደዶ ላርስ ጓዳ ገብቼ ስወጣ ድመቷን የተሰፋው ላይ ተጠቅልላ አገኘኋት። የመሶቡ ወለል ገና ሰፌድ አያህልም፤ እሷ ግን ልኳን አስለክታ ያሰፋችው ይመስል ጅራቷን እስከ አፍንጫዋ አዙራ ከዳር እስከ ዳር ሞልታዋለች። ላነሳት እጄን ሰደድሁና ተውሁት። ወስፌውን ቀሚሴ ላይ ሰክቼ ዝም ብዬ አየኋት። ዝንብ ሲያርፍባት የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ብቻ ትርግብ ይላል። ሆዷ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ከሥሯ ያለው አክርማ ሲጥ ይላል፤ ጆሮ ካልሰጡት አይሰማም። ከጎረቤት የሚቆላ ቡና ይሸታል። ግማሽ ሰዓት እንዲሁ ሄደ፤ ይህን ያህል ጊዜ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥሁበትን ቀን አላስታውስም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ዛሬ፣ በቤታችሁ ውስጥ፣ ምንም ሳታወጡበት ደስ ያሰኛችሁ ትንሽ ነገር ምንድን ነው? ደንቡ ሁለት ነው፦ የዛሬ ይሁን፣ የቤት ይሁን። ስለ ፋሲል ግቢና ስለ ጥምቀት አትጻፉልኝ፤ እነሱን ለእንግዳ እንተውላቸው።

ከዚያ የሆነው

በሦስት ቀን 34 መልስ ተከማቸ። ብዙዎቻችሁ ከመካከል ገብታችሁ ማን ለማን እንደመለሰ ስለጠፋችሁ እንደ አመጣጣቸው ልተርክላችሁ። የማሳጥረውን አሳጥራለሁ፤ ቅር የሚለው ራሱ ተመልሶ ያንብብ።

የመጀመሪያዋ መላሽ ከማራኪ የጻፈች እናት ናት። ሰላምታዋ ብቻ ሦስት መስመር ይሆናል፤ ለእኔም፣ ለአንባቢውም፣ ለድመቷም ጾሙን የሰላም እንዲያደርግልን ተመኝታ ነው የጀመረችው። የእሷ ደስታ ፈትል ነው። ልጇን አስተኝታ ባዘቶዋን ይዛ ስትቀመጥ የመጀመሪያው ክር ሁልጊዜ ይበጠስባታል፤ እጇ የቀኑን ጣጣ ገና ስላልጣለ ነው ባይ ናት። ከዚያ እንዝርቷን ባቷ ላይ አሹራ ስትለቃት በአንድ ቅጽበት ክሩ መበጠሱን ይተዋል፤ እኩል እየሆነ ይረዝማል። መቼ እንደሚስተካከል አንድም ቀን ደርሳበት አታውቅም። ቀና ስትል ልቃቂቱ ወፍሮ ታገኘዋለች። ድሩን ከገበያ ገዝታ ማጉን በእጇ ፈትላ ለበኩር ልጇ ጋቢ ለሸማኔ ልትሰጥ ነው። የውይይታችን ክር በዚህ ቢያበቃ አይቆጨኝም ነበር።

በ2 ቁጥር አንድ ወጣት ያስደሰተው መብራት መምጣቱ እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፈ። 3ኛው መብራት የቤት ነገር አይደለም፣ ደንብ ተጥሷል አለ። 4ኛው ቤት ካልሆነ ታዲያ የት ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀ። እኔ ለ2ኛው ፈረድሁለት፤ መብራት ሲመጣ በሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው የልጆች ጩኸት ራሱ የቤት ደስታ ነው።

5 ቁጥርን ልብ በሉት፤ ኋላ ይመጣል። ጸሐፊው መምህር ነው። የድሮ ጀበናው ለመስቀል ሰሞን ተሰንጥቆበት ከወለቃ አዲስ አስመጥቷል። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፣ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የሸክላ ሥራዋ ያልተቋረጠው መንደር ናት። መምህሩ ጀበናውን ሲያሟሽ ሰንብቷል። የቡና አተላ በውኃ እየበጠበጠ አፍልቶ መድፋት፣ እንደገና ማፍላት፣ እንደገና መድፋት። የመጀመሪያው ቀን የወጣው ውኃ ክረምት የገባበት የጭቃ ቤት ይሸት ነበር። ሁለተኛው ቀን ሽታው ቀነሰ። በአራተኛው ቀን፣ ማለትም ክሩ በተከፈተበት ዕለት፣ አፍንጫውን ወደ ጀበናው አፍ ቢያስጠጋ የሸተተው ቡና ብቻ ነው። የደስታው መጠን ይኸው ሲሆን ሚስቱ እንደሳቀችበትም አልደበቀም።

6ኛዋ መላሽ እኔን ልታርም ነው የመጣችው። ስፌት ከእናቷ የተማረች ሴት ናት፤ እህቴ ብላ ጀምራ ወዲያው ወደ ጉዳዩዋ ገባች። ስንደዶውን በየሰዓቱ ጓዳ እየገባሁ የማርስ ከሆነ አሰፋፌ ገና የጀማሪ ነው። የሚሰፋበት ያህል ብቻ ተነጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከጉልበት ሥር ይቀመጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ውስጥ ሲያድር ደግሞ ወዙ ይጠፋል። አክርማውን ዝናብ በነካው ቀን ከቅዳሜ ገበያ ገዝቼ ከነእርጥበቱ አስቀምጬው እንደሆነም ጠየቀች። ሻጋታ ከውስጥ ነው የሚጀምረውና ላዩን ያማረ መሶብ ለዓመቱ ይሸታል። ዙሩ መጥበቁን ለማወቅ ወለሉን ወደ ፀሐይ አንሥቼ እንድመለከት አዘዘችኝ፤ ብርሃን በቀዳዳ ካየሁ ፈትቼ ልጀምር። አደረግሁት። ሦስት ቦታ ላይ ብርሃን አየሁ። አልፈታሁትም።

እስከዚህ ድረስ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። ነገሩ የተበላሸው በመጨረሻው መስመሯ ነው፦ ድመት የተኛችበት መሶብ እንጀራ አይቀርብበትም፤ እንግዳ ቢያውቅ ሳይበላ ይነሣል። 7ኛው ደገፋት። 8ኛዋ መሶብ እንደ ሰሃን የሚታጠብ ነገር አለመሆኑን አክላ ጨው ጨመረችበት። 9ኛው ግን ከእነሱ ሁሉ የተሻለ ጠበቃ ሆኖ ተነሣ። አያቱ ቤት ጎታው ሙሉ እህል፣ ከጎታው ሥር ደግሞ አንዲት ድመት ነበረች፤ አይጥ እህሉንም መሶቡንም አገልግሉንም እኩል ስለሚበላ ድመት የሌለው ቤት የዓመት ቀለቡን ከአይጥ ጋር ይካፈል ነበር። ስለዚህ መሶቡ ለድመቷ ውለታ አለበት፤ አንድ ከሰዓት ብትተኛበት ዕዳውን መክፈሉ ነው። አያቱ የድመት ማንኮራፋትን ዳዊት መድገም ነው ይሉ እንደነበርም ነገረን። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ድመቷ ስታንኮራፋ የትኛው መዝሙር ላይ እንደደረሰች ማሰብ አልተውሁም።

10ኛዋ የጤና ባለሙያ ናት። ሁለቱንም ወገን በእርጋታ ነው ያረመችው። ከድመት የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ የሚገኘው በዓይነ ምድሯ እንጂ በተኛችበት ሁሉ አይደለም። ከወጣም በኋላ ሰውን ለመያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የምትጸዳዳበት በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ያን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠት አለባት። ካነሣነው አይቀር ጥሬ ሥጋም የዚሁ ተሕዋስ መተላለፊያ መሆኑን አስታወሰች። በዚህን ጊዜ 11ኛው ክትፎን እንዳትነካ አስጠነቀቃት። ስለ ድመት ሲወራ ዝም ያለ ሰው ስለ ጥሬ ሥጋ ሲወራ እንዴት እንደሚነቃ አያችሁልኝ?

12ኛው ወደ ጾሙ ወሰደን። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት ከቤት ሲጠፋ የእሱ ድመት ለሁለት ሳምንት ያህል ሽሮ ፍትፍቱን በትዕግሥት ትበላለች። በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤት ጫጩት ይጎድላል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚለው ተረት የወጣው ከእሱ ግቢ መሆኑን እርግጠኛ ነው። ካሳውን ለጎረቤቱ የሚከፍለው ለፋሲካ በእንቁላል ነው።

ይህን ያነበበ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ 13ኛ ሆኖ ሲጽፍ ቁጣው ይታወቅ ነበር። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማያዘጋጅ ከሥጋ ወይም ከዓሣ ካላገኘችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የደም ሕዋሷን የሚያፈርስ መርዝ ነው፤ ያን የመሰለ ሽሮ ፈትፍቶ መስጠት መቀለብ አይባልም። ወተትም ቢሆን ካደጉት ድመቶች ብዙዎቹን ሆዳቸውን ይረብሻቸዋል። ለ12ኛው የተጠቀመበትን ቃል እዚህ አልደግመውም፤ በማግስቱ ራሱ ይቅርታ ጠይቆበታል። እኔም ብሆን እስከዚያ ዕለት ድረስ በሽንኩርት የተቁላላ ሽሮ እሰጣት እንደነበር ልሸሽግ አልችልም። ከዚያ በኋላ አልሰጠኋትም።

ከመልሶቹ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብሁት 14 ቁጥርን ነው። አንዲት ከአዘዞ የሆኑ እናት ለልጅ ልጃቸው እየነገሩ ያስጻፉት ነው፤ ልጁ ደግሞ የራሱን አስተያየት በየመሐሉ እየሰነቀረ ነው የጻፈው። እናታችን ጾም ሳይገባ፣ ልኳንዳ ቤቶች ሥራቸው ሳይቀዘቅዝ፣ ሳንባ ይገዛሉ። እንደ ቋንጣ ዘልዝለው፣ ጨውም በርበሬም ሳያስነኩት፣ ከማድቤቱ ጣሪያ ሥር በገመድ ይሰቅሉታል። በየማታው አንድ ዘለላ አውርደው ለድመታቸው ይሰጣሉ። ድመቷ ሰዓቱን ስለምታውቅ ከገመዱ ሥር ተቀምጣ አንገቷን ወደ ላይ ሰቅላ ትጠብቃለች፤ እሳቸው በመቋሚያቸው ገመዱን ነካ ሲያደርጉት ዘለላዎቹ ይወዛወዛሉ፣ የድመቷም ጭንቅላት አብሮ ወዲያና ወዲህ ይላል። እናታችን ይህን ሆን ብለው ነው የሚያደርጉት። ልጁ እንደሚለው አንዳንድ ቀን ድመቷ ትራቷን ከበላች በኋላም ገመዱን ይነኩታል። ሁሉም በሚጾምበት ጊዜ ሥጋ የሚያወርዱ ብቸኛዋ ሴት መሆናቸው አያሳፍራቸውም፤ ጾሙ የእሳቸው እንጂ የድመቷ አይደለምና። ለእኔም ልጄ ብለው መሶቡን እንዳልፈታው መክረውኛል፤ የመጀመሪያ መሶብ ቀዳዳ ባይኖረው ኖሮ ሁለተኛውን ማን ይሰፋ ነበር አሉ። በ6 ቁጥር ያለችው እህታችን ለዚህ መልስ አልሰጠችም።

15ኛው ለጾም የሚሆን መፍትሔ አለኝ ብሎ ከጎርጎራ የሚመጣ ትንንሽ የጣና ዓሣ ለድመት ደርቆ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። መልካም ሐሳብ ነበር። 16ኛው ግን ዓሣ በጾም ለሰውስ ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ከ17 እስከ 21 ያሉት አምስት መልሶች ከመጀመሪያው መስመራቸው እስከ መጨረሻው ስለዚሁ ናቸው፤ አንዱ የአባቶችን ወግ ይጠቅሳል፣ ሌላው የአባቱን ቤት ልማድ፣ 19ኛው ሁለቱንም ባለማወቅ ይከሳል፣ 20ኛው የ19ኛውን ንስሐ አባት ይጠይቃል። ድመት የሚል ቃል በአምስቱም ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። ፈልጌያለሁ። በ22 ቁጥር አወያዩ ገብቶ ጉዳዩ ለሌላ ክር እንዲተው አሳሰበ።

23ኛው ከጥል የባሰ ነገር ይዞ መጣ፤ ንቀት። ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ፣ ውኃ በፈረቃ እየመጣ፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እናንተ ስለ ድመት እንቅልፍና ስለ ጀበና ሽታ ታወራላችሁ አለ። ትንሽ ደስታ የሚባለው ነገር ትልቁን የተነጠቀ ሰው ራሱን የሚያታልልበት ነው ብሎ ያምናል። እኔን በተለይ ግማሽ ሰዓት ድመት ለማየት ጊዜ ያላት ሲል ጠራኝ። አልዋሽም፣ ቆረቆረኝ፤ መልስ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።

የመለሰችለት 1ኛዋ ናት። ያን ሁሉ ሰላምታ ትታ ነው የጻፈችው። ፈትል ለእሷ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ማጉን በእጇ ባትፈትል ኖሮ ጋቢውን በሙሉ ዋጋው መግዛት ነበረባትና ልጇ ዘንድሮም ያለ ጋቢ ይከርም ነበር። ክሩ ሲስተካከል ደስ የሚላት ሥራ ላይ እያለች እንጂ ሥራ ፈትታ አይደለም፤ ያን ደስታ ቢወስድባት ድካሙን ግን እንደማይወስድላት ነገረችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። 25ኛው ሰውየውን ከክሩ ውጣ አለው፤ ያ አላስፈለገም ነበር። 26ኛ ሆኖ የተመለሰው የመብራቱ ወጣት ነው፤ ጤፍ መወደዱንም ውኃ መጥፋቱንም አምኖ፣ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ምን እንደሚጠጣ ብቻ ሰውየውን በትሕትና ጠየቀው። መልስ አላገኘም።

ከዚያ ነገሩ ላላ። 27ኛዋ የስንደዶ ዋጋ ጠየቀች። 28ኛው የድመት ግልገል ፈልጎ ነው የመጣው፤ የእኔዋ አልወለደችም። 29ኛው ስለ ውሻው ጻፈ። የድመት ወዳጆች እንደምናወራው ውሻ ከግቢ አልፎ ቤት አይገባምና ደስታውም የግቢ ነው፦ ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሻው ድምፅዋን ሳይሆን የቦርሳዋን ሰንሰለት ቅጭልጭልታ ሰምቶ ከእሷ ቀድሞ በሩ ላይ ይደርሳል። 30ኛ ሆና የጤና ባለሙያዋ ተመልሳ ውሻው በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማግኘቱን አረጋገጠች። ማንም ቢነከስ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ አሳሰበች፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ይገድላልና። ውሻው ተከትቧል። 31ኛው የደንቢያ የሽምብራ እሸት መምጫው መቃረቡን በደስታ አበሰረ፤ የዛሬ ስላልሆነ ደንብ ጥሷል፣ ግን ማን ይከለክለዋል።

32ኛው ጎንደር ተወልዶ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ነው። እናቱ የላኩለት ሽሮ ዕለቱን ደርሶት ነበር። ከረጢቱን በጥርሱ ፈትቶ፣ ምድጃ ሳይለኩስ፣ ቆሞ አሸተተው፤ መጀመሪያ የሚመጣው በሶብላው ነው፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከሁሉ በኋላ የተቆላው ሽምብራ። ያን ማታ ሽሮውን አልሠራውም። ከረጢቱን መልሶ አሰረና ዳቦ በልቶ ተኛ።

33ኛውን ሳይ ዓይኔን አላመንሁም። 23ኛው ሰውዬ ነው፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ጽፏል። ሰላም አላለም፣ ለተናገረው ይቅርታ አልጠየቀም፣ ለ1ኛዋም አልመለሰላትም። የመጣው በ5 ቁጥር ያለውን መምህር ሊያርም ነው። ጽሑፉ የክሩ ረጅሙ ነው። መምህሩ ጀበናውን እያፈላ ወዲያው መድፋቱ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሸክላ ሲሟሽ ከነውኃው ከእሳት ወርዶ በራሱ ጊዜ መቀዝቀዝ አለበት። የጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የጨመረ ሰው ለመስቀል የተሰነጠቀበትን ምክንያት ሌላ ቦታ አይፈልግ። ሳሙና ፈጽሞ አይነካውም፤ ሸክላው ይጠጣውና ቡናው ሳምንት ሙሉ ሳሙና ሳሙና ይላል። ቡናው ሲገነፍል ከእሳቱ ፈቀቅ ተደርጎ፣ ትንሽ በስኒ ተቀድቶ፣ ተመልሶ ይገባል፤ ከዚያ በማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ አተላው እስኪዘቅጥ ይቀመጣል። እሱ ይህን በደቂቃ አይቆጥርም። ከጀበናው አፍ የሚወጣው እንፋሎት ወፍራም ሆኖ ይጀምራል፣ እየቀጠነ ይሄዳል፣ እንደ ክር ሆኖ አንድ ጊዜ ሲቆረጥ ያን ጊዜ ይቀዳል። ከዚያ በፊት የቀዳ ሰው አተላ ነው የጠጣው፤ ከዚያ በኋላ የቀዳ የቀዘቀዘ።

34ኛው የእኔ ነው። በየጠዋቱ ያን እንፋሎት የሚጠብቀው ለስንት ሰው ሲያፈላ እንደሆነ ጠየቅሁት። እስካሁን አልመለሰም፤ መምህሩ ግን ጀበናውን ትናንት ማታ ከነውኃው አሳድሮታል።